ከካሴት የተዋስኩት ስም

ጥቅምት 4 ቀን 2008፣ ሐሙስ። ሰበታ።

ድራማው ተፈቀደ። ኤልቃና ደውሎ «በርቺ ደራሲ» ሲለኝ የሰባተኛ ክፍል አማርኛ ፈተና እያረምኩ ነበር። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ወረቀቱ ከፊቴ ለነበረው ሰነፍ ተማሪ ሁለት ማርክ ጨመርኩለት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ፣ በሬዲዮ። ኤልቃና አዘጋጁ ነው፤ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው ይሳቅ። አንድ የአዲስ አበባ ግቢ፣ ውስጡ አራት ተከራይ፣ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ።

ከእራት በኋላ ስም መምረጥ ጀመርኩ። ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ሾፌሩን ከድሩ ልበለው አልኩና ቪዲዮ ቤት በነበረ ዘመን ሰው ሁሉ እየተጋፋ ያየው ፊልም ላይ ያለው አጭበርባሪ ትዝ አለኝ፤ የእኔ ሾፌር የዋህ ነው፣ በሌላ ሰው ኃጢአት ሊሰደብብኝ ነው። ሙሽራዋን አያንቱ ብላት በየሰርጉ የሚጨፈርበት ዘፈን ተከትሏት ይመጣል፤ እሷ ስታለቅስ ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል። አንዳንድ ስም እንደ ኪራይ ቤት ነው፣ ቁልፉን ስትረከቢ የቀድሞው ሰው ዕቃ ገና አልወጣም።

ለራሴ የሚሆን ስም ግን ወዲያው አገኘሁ። ሀሴት ማርቆስ። ማንም የለበትም። እውነተኛ ስሜ ያለምወርቅ ኢቲቻ ሬዲዮ ላይ ሲነበብ ይረዝማል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ።

ኤልቃና ጋ ደርሼ መጣሁ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት፣ ሁሉንም ወደደ፤ ዘበኛው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ዘበኛው ኢቲቻ ይባል።»

«ለምን እሱ?»

«ካሴቱን አልሰማሽም እንዴ? ስሙ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል። አንቺ የቀረውን ግማሽ መጻፍ ነው።»

ካሴቱን እንዴት አልሰማ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከሰበታ እስከ ጦር ኃይሎች በየሚኒባሱ የሚከፈተው እሱ ነበር። ቀልደኛው ኢቲቻ የሚባል ዘበኛ ይሆንና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለ ጌታውን ያበግናል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «ያለምወርቅ ኢቲቻ» ሲባል ስልሳ አንገት ወደ እኔ ይዞራል። አቤት ሳልል ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ካልሳቅሽ ይብስብሻል።

ስለዚህ ኤልቃናን እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ይሁን» አልኩ፣ እንዲያውም ሳቅሁ። ኤልቃና ክፉ ሰው አይደለም፤ የአባቴንም ስም አያውቅም፣ ለእሱ ያለም ብቻ ነኝ። የወላይታ ልጅ ነው፤ «የእኛንም ሰው ያሾፉበታል እኮ፣ ሥራ ነው» አለኝ።

የአባባ ስም ነው። አባባ የምለው አጎቴን ነው፤ አባቴ የሞተው ገና በእቅፍ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ትምህርት ቤትም በራሳቸው ስም አስመዘገቡኝ። ግን ከዚህ እስከ ጊንጪ ስንት ኢቲቻ አለ። እኔ የወሰድኩት የካሴቱን ነው።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ።

ተላለፈ። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ማንም ሳያውቀኝ አዳመጥኩ። ዘበኛው በር ላይ ተኝቷል፣ ጌታው የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል፣ ዘበኛው ብድግ ብሎ «ኢቲቻ ነኝ ጌታዬ፣ አልተኛሁም» ይላል። ተዋናዩ ይቺን ሲል ሻይ ቤቱ አንድ ላይ ፈነዳ። አስተናጋጁ ትሪውን አስቀምጦ ሳቀ። እኔ የጻፍኩት ነገር ያን ያህል ሰው ሲያስቅ ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ «ደራሲ ሀሴት ማርቆስ» ሲባል ማን ናት ብዬ ዞር አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ጥቅምት 28፣ እሑድ።

አባባ ጋ ሄድኩ። ቤታቸው ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ከከተማው በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ጤፉ ቢጫ እየሆነ ነው። የታችኛው ማሳ ዳር አዲስ ችካል አየሁ፤ ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማስተር ፕላን ነው። አዲስ አበባ ሊሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሊጠቃለሉ ነው፣ ገበሬው ይነሳል፣ የለም አይነሳም። ስብሰባ ሲጠራ ስለ እኛ ይናገሩልን ብለው የአካባቢው ገበሬዎች አባባን መርጠዋል። ደህና ሰው ነው የመረጡት። አባባ ጥድፊያ የላቸውም፤ ሲናገሩ ውሻ እንኳ ዝም የሚል ይመስለኛል።

ምሳ ላይ ልጃቸው ሞቲ «አባባ፣ ስምዎ እኮ በሬዲዮ ወጥቷል» አላቸው። ሞቲ ከእኔ ሰባት ዓመት ያንሳል፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፣ አፉ አያርፍም።

«ስሙን እኔ ብቻዬን አልያዝኩትም» አሉ ፈገግ ብለው።

ሞቲ ቀጠለ። ሚኒባስ ውስጥ ያንቀላፋ ሰው ካለ ረዳቱ «ኢቲቻ፣ አልተኛህም?» እያለ ይቀሰቅሰዋል አለ። ሚስታቸው እማማ ጠጅቱ ሳቁ። እኔ የዱባ ወጡ ጥሩ ነው አልኩ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ።

ቸኩያለሁ። ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ወጡ ይባላል። የእኛ ስምንተኛ ክፍሎች በር ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ፣ ስደርስ ዝም። ኤልቃና ደወለ፤ «ዘበኛውን አብዢው፣ ሌላውን ቀንሺ» አለ። አበዛሁ።

ኅዳር 22፣ ረቡዕ።

መጻፍ አለብኝ፣ አለበለዚያ አይወጣልኝም።

ስብሰባው ዛሬ ነበር። አስተማሪዎችም ተገኙ ተብለን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ከላይ የመጡ እንግዶች፣ ከኋላ ወጣቶች፣ መሐል ላይ ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው። አወያዩ ስማችሁን እየተናገራችሁ አለ። የመጀመሪያው ዕድል ለአባባ ተሰጠ። ተነሱ፣ ለወገናቸው በኦሮምኛ «አካም ኦልተን» ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ ሲሉ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ኢቲቻ እባላለሁ።»

ከኋላ አንዱ ልክ በተዋናዩ ድምፅ «አልተኛሁም ጌታዬ» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት እንግዶቹ ብቻ ቢሆኑ ይሻል ነበር። የእኛም ሰዎች ሳቁ፤ ማሳቸው ላይ ችካል የተተከለባቸው ሰዎች። አወያዩ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። አባባ አልተቆጡም፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ።

«ቆይ እስቲ፣ በሬዬን ልፍታ።»

ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ባሰ። ምክንያቱም በአራተኛው ክፍል ያንን አባባል ለዘበኛው ሰጥቼዋለሁ። ጌታው አንድ ነገር በጠየቀው ቁጥር «ቆይ እስቲ፣ በሬዬን ልፍታ» ይላል፣ በሬ የሌለው ዘበኛ። ይህን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ረስቼው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አልረሳሁትም።

አባባ አዳራሹን አንዴ ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ ተቀመጡ። ስለ ታችኛው ማሳ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ወላጆቻቸው መቃብር ሊናገሩ የመጡት ሁሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። አወያዩ «እሺ ቀጣይ» አለ። ቀጥሎ የተነሳው ሰውዬ ስለ መብራት መቆራረጥ ተናገረ።

እኔ አልሳቅሁም። አለመሳቄን እንደ ጽድቅ ቆጥሬ እዚህ መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

ኅዳር 23፣ ሐሙስ።

ቀረጻ ነበር። ለኤልቃና ልነግረው አፌን ስከፍት ተዋናዩ ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት።

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ።

ከዓለም ገና ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተላለፈ። ረዳቱ ድምፁን ከፍ አደረገው። የእንቁላሉ ቀልድ ላይ እኔም ሳቅሁ፤ በደንብ የተሠራ ቀልድ ነበር፣ ማን ይክዳል። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «ደራሲዋ ጨዋ ሰው መሆን አለባት፣ ስድብ የሚባል የለበትም» አለችኝ። ምን ልበላት። አዎ አልኳት።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ።

ሞቲ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አባባ ለሽማግሌዎቹ «ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ ይቅርብኝ» ብለው መልሰዋቸዋል። ሦስት ሰው ለመነ፣ እምቢ አሉ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ገበያም አልወጡም። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠራው መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ ቢጠራ ደግሞ የሚናገር የለም፤ የተማሩት ወጣቶች ይጮሃሉ እንጂ የየማሳውን ድንበር ከነታሪኩ የሚያውቅ እንደሳቸው ያለ ሰው የለም።

«ያቺን ሀሴት ማርቆስ የምትባለዋን ባገኛት» አለ ሞቲ።

«ምን ታደርጋታለህ?»

«ምንም። የአባቷን ስም እጠይቃታለሁ። እውነተኛውን።»

ደወል ተደወለ ብዬ ትቼው ገባሁ። አልተደወለም ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ።

ትምህርት ዝግ ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ። ቡራዩም እንዲሁ ነው አሉ፣ ሱሉልታም። ከሰዓት ተኩስ ሰማን፣ ሦስት ይሁን አራት። ሬዲዮው ግን ሰዓቱን አላሳለፈም። ስምንት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ «አልተኛሁም ጌታዬ» ሰማሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ወይም እኔ አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ።

ሞቲን ወሰዱት። ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ከነበሩት ጋር ታፍሶ። ድንጋይ ይዞ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ማንም አልጠየቀም። እማማ ጠጅቱ ስልክ ላይ የሚሉት አይሰማም። መድኃኔዓለም።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ።

ሦስት ቀን የት እንዳለ ሳናውቅ ቆይተን ትናንት ማታ ሰው ነገረን። ጠዋት አባባና እኔ ስንቅ ይዘን ሄድን። ጾም ስለሆነ ሽሮ ነው፣ በሳህን፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ። በሩ ላይ ሃምሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፣ አብዛኛው እናቶች። አንድ ጠባቂ በመስኮት በኩል መዝገብ ይዞ ይጠይቃል፤ እሱም ልጅ ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል።

ተራችን ደረሰ።

«የማን ቤተሰብ?»

«የሞቲ ኢቲቻ» አልኩ እኔ።

ልጁ ቀና አለ። ክፉ ነገር አላለም። ፈገግ ብቻ አለ፣ ያን ሁሉ ቀን ካየው ነገር መሐል አንድ የሚያስቅ ነገር ያገኘ ሰው ፈገግታ ነው። ከኋላው ላለው ጓደኛው «የኢቲቻ ልጅም አለ እኛ ጋ» አለው። ጓደኛው «አልተኛም?» አለ። ከዚያ ልጁ ወደ አባባ ዞሮ በአክብሮት፣ «አባት፣ እርስዎ ማን ይባላሉ?» አላቸው።

«ወልደሚካኤል» አሉ።

በእኛ ቤት ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። ቄሱ የሚያወጡት የክርስትና ስም የሚጠራው ለቁርባንና ለፍትሐት ብቻ ነው። አባባ ያንን ስም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም።

ልጁ መዝገቡን አየ። «የታሳሪው አባት ኢቲቻ ነው የሚለው። እርስዎ ምኑ ነዎት?»

አባባ ወደ እኔ አዩ። አሁን ሆኜ ሳስበው፣ «አባቱ ናቸው፣ ኢቲቻ ይባላሉ፣ እኔም ልጃቸው ነኝ» ማለት ሰባት ቃል ነው። በሳምንት ሃያ ደቂቃ የሚሞላ ንግግር የምጽፍ ሴት ሰባት ቃል አጣሁ። ስሙን ብናገረው ሊስቁ ነው፣ ባልናገረው ሞቲ ሊራብ ነው። የሳህኑን ጨርቅ ቋጠሮ አጠበቅሁ።

«አባት ወይም እናት ካልሆነ ስንቅ አናስገባም፣ ትእዛዝ ነው» አለ ልጁ። «ቀጣይ።»

ሳህኑን ይዘን ተመለስን። ጨርቁ እንኳ አልተፈታም። ግማሽ መንገድ ላይ አባባ ቆሙና ትንፋሽ ወሰዱ።

«ልጄ ታስሮ ሳቅ መስማት አልቻልኩም» አሉኝ። «ነውር ሠራሁ። ለስሜ ብዬ ልጄን ካድኩ።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። ይህን ስል የማን ጥፋት እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁም።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ።

እማማ ጠጅቱ ብቻቸውን ሄደው «የሞቲ ኢቲቻ እናት ነኝ» ብለው አስገቡ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። አባባ ሳህኑን ይዘው ብዙ ተቀመጡ።

ሬዲዮውን ዛሬ አልከፈትኩትም።

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ።

ብዙነሽ መጣች። እንደ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ናት፣ ዓይነ ስውር ናት፣ ልጅ ሳለች እዚሁ ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትማር መጥታ በዚያው ቀረች። ሬዲዮ ላይ የሚነገር ነገር አያመልጣትም። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ፣

«ሀሴት ማርቆስ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ዘበኛው ‹እንዲያው ለነገሩ› ሳይል ሦስት ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። አንቺም የመምህራን ስብሰባ ላይ እንደዚያው ነሽ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነው።»

ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀስ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አዳራሹን፣ ሽሮውን፣ ወልደሚካኤልን። ስሙን ከካሴቱ ነው የወሰድኩት አልኳት፣ ስሙ ቀድሞውኑ የተሳቀበት ነበር፣ እኔ የፈጠርኩት ሳቅ አይደለም።

«ስሙ ይሁን» አለች። «‹አልተኛሁም›ስ?»

«እሱም ከዚያው...»

«ያለም፣ ያንን ካሴት እኔ ከሀ እስከ ፐ በቃሌ አውቀዋለሁ። አዳሪ ቤት ሌላ ካሴት አልነበረንም። ‹አልተኛሁም› የሚል እዚያ ላይ የለም።»

የለም። እንግዲህ ልጻፈው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ በቆሎውን ከአሳማ ሲጠብቁ እማማ ጠጅቱ ንፍሮ አስይዘው ማሳው ድረስ ላኩኝ። ማማው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ፣ ወንጭፉ ከእጃቸው ወድቋል፣ አሳማው ከታች ይበላል። ስጠራቸው ብድግ ብለው «አልተኛሁም፣ አልተኛሁም ልጄ» አሉ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለማንም አትንገሪ አሉኝ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለሃያ ዓመት ደብቄው ኖሬ ለመላ አገሩ ነገርኩት።

ብዙነሽ ስትወጣ «ንገሪያቸው» አለች። «ንገሪያቸውና ስሙን አንሺ። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጪ።»

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ።

ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩ። አባባ ጋ ሳልሄድ ኤልቃና ጋ ሄድኩ። ስሙ ይቀየር አልኩት።

«አሁን ከቀየርነው ለምን ቀየራችሁ ይባላል። ጊዜውን ታያለሽ አይደል? ዝም ማለት ይሻላል።»

«የአባቴ ስም ነው፣ ኤልቃና።»

ብዕሩን አስቀመጠ። 

«ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም?» አለ። «እኔ የሰጠሁሽ የካሴቱን ነበር። የአባትሽን አላልኩሽም።»

እውነቱን ነው። በሱ መናደድ ፈልጌ ነበር፣ ያንን እንኳ ከለከለኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ።

ገና ነው። አባባ ቅዳሴ ሄደው ከሰው ተለይተው ዛፍ ሥር ቆሙ። ሰላምታ ሲሰጧቸው ጎንበስ ብለው ይመልሳሉ። ዶሮው ቀረበ፣ የሞቲ ድርሻ ተለይቶ ተቀመጠ። ልነግራቸው ነበር። በዓል ነው፣ አላበላሽም አልኩ። ትናንት ደግሞ ጾም ነው፣ አላስከፋቸውም ብዬ ነበር። የቀን መቁጠሪያ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር የተመደበ ቀን የለም።

ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ።

ሞቲ ተፈታ። ከስቷል፣ ቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ፤ እስር ቤት ውስጥ ስም ሲጠራ «ሞቲ ኢቲቻ» ሲባል ታሳሪው ሁሉ «አልተኛሁም ጌታዬ» ይል ነበር አለኝ። «እኔም መጨረሻ ላይ አብሬ አልኩት። ደግሞም ቀለል ይላል እኮ፣ አብረሽ ካልሽው።» ለአባባ እንዳትነግሪ አለኝ።

ይቺ ቤት ምስጢሯን ሁሉ እኔ ጋ ታስቀምጣለች።

ጥር 4፣ ረቡዕ።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ዜናው እንደተነገረ መንገዱ በፉጨትና በጥሩምባ ተሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ልጅ የሞተባቸው ቤቶች አሉና ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መረቁ። አባባ አልሄዱም። «ሳልናገር ቀረ፣ እሰየው» አሉ። እንደፈራሁት ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ጥር 5፣ ሐሙስ።

ኤልቃና ጠዋት ደወለ። አለቆቹ ተነጋግረው በዚህ ጊዜ የዘበኛው ስም ጥሩ አይደለም፣ ይቀየር ብለዋል። እኔ ስለምነው ያልሆነው እነሱ ሲፈሩ ሆነ። ስቱዲዮ ስደርስ ተዋናዩ ማይክ ላይ ቆሟል።

«ኢቲቻ አገሩ ገባ፣ በምትኩ ሌላ ዘበኛ መጣ፣ በቃ» አለ ኤልቃና። «ስም ስጪኝ። ያው ዓይነት ይሁን፣ ልጁ አነጋገሩን ለምዶታል። ከደቂቃ በኋላ እንቀዳለን።»

ቆሜ አሰብኩ። የኦሮሞ ስም ሆኖ ካሴት የሌለው፣ ፊልም የሌለው፣ ዘፈን የሌለው። ጂሬኛ። በዚህ ስም የማውቀው ሰው የለም፣ ማንም ታዋቂ አልተጠራበትም፣ ንጹሕ ነው። በወረቀቱ ላይ ኢቲቻ ያለውን አሥራ አራት ቦታ በእጄ ሰርዤ ጂሬኛ ጻፍኩ። በሬውንም አወጣሁ፣ እንቅልፉንም አወጣሁ። ስወጣ ፀሐዩ ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ዛሬ እራት በደንብ በላሁ።

ነገ እነግራቸዋለሁ። አሁን የምነግራቸው ደህና ነገር አለኝ።

ጥር 6፣ ዓርብ።

አውድማው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ነፋስ ስለነበር ጤፉን ያነፍሳሉ። አጠገባቸው ቆምኩ፤ ምንም መግቢያ አላበጀሁም።

«አባባ፣ የሬዲዮውን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

እጃቸው አላቆመም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«የእኔን እንቅልፍ ከአንቺ በቀር ያየ ማን አለ?»

ምድር አልተከፈተችም። ለምን እንዳልተናገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ምን ብዬ ልናገርሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? የመጀመሪያ ቀን ስሰማው እኔም ስቄአለሁ። ልጄ አልረሳችኝም ብዬ። ለጠጅቱ ግን አልነገርኳትም፣ አንቺ እስክትነግሪያት ብዬ።» አንድ እፍኝ ጤፍ ወደ ነፋሱ በተኑ። «እዚህ ቤት ሲሆን የሚያስቅ ነገር ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን ሌላ ሆነ። አንቺም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሽ፣ አይቼሻለሁ።»

ይቅርታ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት መጻፍ አልችልም፣ እግራቸው ሥር ነበርኩ። አነሱኝ፣ ገለባውን ከፀጉሬ ላይ አራገፉልኝ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ያኔ ነው ያንን ደህና ነገሬን ያወጣሁት።

«ቀይሬዋለሁ አባባ። ከነገ ጀምሮ ስምዎ የለበትም።»

«ዘበኛው ቀረ?»

«ዘበኛውማ አለ። ስሙ ነው የተቀየረው።»

«ማን አልሽው?»

«ጂሬኛ።»

አዩኝ። እንደዚያ አዳራሹን ዞር ብለው እንዳዩት ነው ያዩኝ፣ ሳይቆጡ።

«ጂሬኛ ልጆች የሉትም?» አሉ።

«የፈጠራ ስም ነው፣ ማንም የለበትም» አልኩ።  ነፋሱ ሳያልፍባቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ጆንያውን ያዝኩላቸው።

ለኤልቃና ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም።

ጥር 7፣ ቅዳሜ።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሬዲዮው ላይ በር ተንኳኳ፣ ጌታው «ማን ነህ?» አለ፣ አዲሱ ዘበኛ «ጂሬኛ እባላለሁ» አለ። ሌላ ምንም አላለም፣ ቀልዱ ገና አንድ ሙሉ ገጽ ይቀረዋል። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ጂሬኛ የሚባል ዘበኛ በየትኛውም ካሴት ላይ ኖሮ አያውቅም።